ዕድሜን በስስ ቀለም መቀባት፦ ዋሽ፣ ቫርኒሽና የአሟሚዎች ጠባይ

አውሮፕላንን፣ ታንክን፣ መርከብን ወይም መኪናን ከእውነተኛ መጠኑ በታወቀ ምጣኔ አሳንሶ ከፕላስቲክ ክፍሎች የሚገጣጥምና የሚቀባ የአምሳያ ባለሙያ፣ ሥራው ወደ ፍጻሜ ሲቃረብ ከራሱ ልፋት ጋር የሚያጋጨው ተግባር ይጠብቀዋል። ሳምንታት ፈጅቶ ያለ እንከን የቀባውን ገጽ አሁን መልሶ ማቆሸሽ፣ ማደብዘዝና ማስረጀት አለበት። ጦር ሜዳ የዋለ ታንክም ሆነ ከባሕር በላይ የበረረ አውሮፕላን አቧራ፣ ዘይት፣ ዝገትና ጥላሸት ሳይነካው ስለማይቀር፣ ይህ ሁሉ የማይታይበት አምሳያ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር መጫወቻ መስሎ ይቀራል።

ለዚህ ተግባር ከሁሉ የሚዘወተረው መሣሪያ በሙያው ቋንቋ ዋሽ ይባላል። ዋሽ በብዙ አሟሚ የቀጠነ ጠቆር ያለ ቀለም ነው፤ አሟሚ ሲባል ደግሞ ቀለሙን የሚያቀጥነውና ከተቀባ በኋላ ተንኖ የሚጠፋው፣ በተለምዶ ቲነር እየተባለ የሚጠራው ፈሳሽ ነው። ዋሹ ገጹን ሲነካ ከፍ ያለውን ትቶ ዝቅ ወዳለው፣ ማለትም ወደ መጋጠሚያ መስመሮች፣ ወደ ብሎኖች ዙሪያና ወደ ማዕዘኖች ይሰበሰባል። ከዋሹ በታች ቀድሞ የተቀባ ቀለም አልባ ቫርኒሽ ይኖራል። ዋሹ ይህን ቫርኒሽ አልፎ የታችኛውን ቀለም ሲያነሣ፣ ገጹን ሲያጨማድድ ወይም ፕላስቲኩን ራሱን ሲሰነጥቅ ብዙ ሰው ጥፋቱን በቫርኒሹ ጥራት ላይ ያሳብባል። ነገሩ ሲመረመር ግን ለብቻው ተነሥቶ ጠንካራ ወይም ደካማ የሚባል ቫርኒሽ የለም፤ አንዱን ፈሳሽ የሚመክት ቫርኒሽ በሌላው ይሟሟል፣ ነገ ለሚመክተውም ዛሬ ስላልደረቀ ብቻ ሊሸነፍለት ይችላል።

ዋሽ የሚያስፈልገው ቆሻሻን ለማስመሰል ብቻ አይደለም። አምሳያው ሲያንስ ብርሃን አብሮት አያንስም። በእውነተኛ አውሮፕላን ላይ 5 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክፍተት በ1/48 ምጣኔ ወደ 0.1 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ይህን ያህል ጠባብ መስመር በቤት መብራት ሥር ለዓይን የሚታይ ጥላ ሊጥል ስለማይችል ባለሙያው ጥላውን በቀለም ይተካዋል። ዘዴው ከሠዓሊዎች የተወረሰ ነው፤ የዘይት ቀለም ሠዓሊዎች በደረቀ ሥዕል ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ቀለም እየደረቡ ጥልቀት መስጠትን ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ያውቁበት ነበር። በፕላስቲክ አምሳያ ሥራ ውስጥ ደግሞ አሜሪካዊው ሼፐርድ ፔይን በ1970ዎቹ ለሞኖግራም ኩባንያ አምሳያዎች ባዘጋጃቸው ማብራሪያዎች፣ ቤልጂጋዊው ፍራንሷ ቨርሊንደንም ዋሽን ከደረቅ ብሩሽ (ቀለሙ ሊያልቅ በተቃረበ ብሩሽ ከፍ ያሉ ክፍሎችን አቅልሎ ከመንካት) ጋር አጣምሮ በሠራቸው ሥራዎች ዘዴውን በሰፊው አስተዋውቀዋል።

ቫርኒሹ ከዋሹ መቅደም ያለበት በመጀመሪያ ለገጹ ልስላሴ ሲባል ነው። ደብዛዛ ቀለም ደብዛዛ የሚሆነው ገጹ በዓይን በማይታይ ሁኔታ ጎርበጥባጣ ሆኖ ብርሃንን በየአቅጣጫው ስለሚበትን ሲሆን፣ ለዚሁ ሲባል ሲሊካ የተባለ ደቃቅ ብናኝ ብዙ ጊዜ ይጨመርበታል። እንዲህ ባለ ገጽ ላይ የፈሰሰ ዋሽ በየጉርብጥብጡ ስለሚያዝ መስመሩን ተከትሎ አይሄድም፤ ባለበት ይሰራጫል፣ ከተጠረገ በኋላም የማይለቅ ጠባሳ ይተዋል። አንጸባራቂ ቫርኒሽ ግን እነዚያን ጥቃቅን ጉድጓዶች ሞልቶ ገጹን ስለሚያስተካክል ፈሳሹ በመጋጠሚያው መስመር ውስጥ ብቻ በራሱ ጊዜ እየተሳበ ይጓዛል። በጠባብ ክፍተት ውስጥ ፈሳሽን የሚስበው ይህ ኃይል ካፒላሪ ይባላል፤ ላምባ ማንም ሳይገፋው በኩራዝ ክር ወደ ላይ የሚወጣውም በዚሁ ኃይል ነው። ለዋሽ ማቅጠኛ የሚውለው ነጭ ስፒሪትም እንደ ላምባው ሁሉ ከድፍድፍ ነዳጅ የሚጣራ፣ የላምባ የቅርብ ዘመድ ነው። አንጸባራቂው ገጽ ሌላም አገልግሎት አለው፤ ዲካል የሚባሉት በውሃ ርሰው የሚለጠፉ ስስ ምልክቶች በደብዛዛ ገጽ ላይ ሲያርፉ ከሥራቸው አየር ታፍኖ ብርማ ሆነው ስለሚታዩ፣ ዲካሉም ዋሹም በዚያው ልስልስ ገጽ ላይ ቢያርፉ ይመረጣል። ይህ ሲባል ግን ገጹ ሁልጊዜ እንደ መስታወት መሆን አለበት ማለት አይደለም። ለአቧራማ ታንክ ከፊል አንጸባራቂ ገጽ በቂ ነው፤ እንዲያውም ዋሹ በመጠኑ ያዝ ስለሚደረግ አቧራው ይበልጥ እውነተኛ ይመስላል።

የቫርኒሹ ሁለተኛ ተግባር፣ ማለትም የታችኛውን ቀለም ከዋሹ አሟሚ መከለል፣ የቀለሞችን አደራረቅ ካላወቁ የሚጨበጥ አይደለም። ቀለም ሁሉ በአንድ መንገድ አይደርቅም። ላከር የሚባለው፣ የመኪና ቀለም ቀቢዎች በሚያውቁት ጠንካራ ሽታው የሚለየው ቀለም፣ አሴቶንን በመሳሰሉ ብርቱ አሟሚዎች ውስጥ የሟሟ ሙጫ ሲሆን የሚደርቀው አሟሚው ሲተን ብቻ ነው። በአደራረቁ ምንም ኬሚካላዊ ለውጥ ስለማይካሄድ ከዓመታት በኋላ እንኳ የራሱ ቲነር ቢነካው መልሶ ይሟሟል፤ ነጭ ስፒሪት ግን ደካማ አሟሚ በመሆኑ አይደፍረውም። ኢናሜል ከዚህ የተለየ ነው። ለብረት በርና መስኮት እንደሚቀባው የዘይት ቀለም ሁሉ መጀመሪያ ነጭ ስፒሪቱ ይተናል፣ ቀጥሎ የቀረው ሙጫ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ እርስ በርሱ ይተሳሰራል። ይህ መተሳሰር ቀናትንና ሳምንታትን የሚፈልግ ስለሆነ እስኪፈጸም ድረስ ነጭ ስፒሪት ባገኘው ቁጥር ይለሰልሳል። በቱቦ የሚሸጠው የሠዓሊ ዘይት ቀለም የሚደርቀውም በተልባ ዘይቱ አማካይነት በዚሁ መንገድ፣ ግን ይበልጥ በዝግታ ነው። በውሃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ደግሞ በውሃ ውስጥ የተንሳፈፉ ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች ስብስብ ሲሆን፣ ውሃው ሲተን እንክብሎቹ ተጠጋግተው ይዋሐዱና አንድ ቆዳ ይሆናሉ፤ ይህን ቆዳ ነጭ ስፒሪት ብዙም አይነካውም፣ አልኮልና አሞኒያ ግን ያለሰልሱታል። እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ፦ በጠርሙሱ ላይ አክሪሊክ ተብለው የሚሸጡት የጃፓኑ ታሚያ ቀለሞች በውሃ ሊቀጥኑ ቢችሉም ዋነኛ ወዳጃቸው አልኮል ስለሆነ፣ በአልኮል የቀጠነ ማንኛውም ነገር በላያቸው ቢፈስ ይነሣሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ሕግ አንድ ነው፤ ዋሹን የተሸከመው ፈሳሽ ከሥሩ ያለውን ንብርብር የሚያሟሟ መሆን የለበትም። ስለዚህ በላከር ወይም በአክሪሊክ ቫርኒሽ ላይ በነጭ ስፒሪት የቀጠነ የኢናሜል ወይም የዘይት ዋሽ ማፍሰስ ለብዙ ዓመታት ሲፈተን የኖረ አስተማማኝ ጥምረት ነው። በኢናሜል ቫርኒሽ ላይ የኢናሜል ዋሽ ማፍሰስ ግን ዘመድን በዘመድ ላይ ማፍሰስ ነው፤ ቫርኒሹ በጣት ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ባለሙያው ትርፉን ለመጥረግ ነጭ ስፒሪት የነካ ጥጥ ሲያስኬድበት ዋሹ፣ ቫርኒሹና የታችኛው ቀለም አንድ ላይ ተያይዘው ይነሣሉ። የኢናሜል ቫርኒሽ ሌላም ነውር አለበት፤ ከአየር ጋር የጀመረው ኬሚካላዊ ሥራ ስለማይቆም ውሎ አድሮ ወደ ቢጫነት ያዘነብላል፣ በነጭ አውሮፕላን ላይ ደግሞ ይህ የሚሰወር አይደለም። ለአሥርተ ዓመታት የብዙ ባለሙያዎች ተመራጭ ቫርኒሽ የነበረው ለአምሳያ የተሠራ ነገር እንኳ አለመሆኑ ያስገርማል። በአሜሪካ ፊውቸር፣ በብሪታንያ ክሊር እየተባለ ይሸጥ የነበረው ይህ ምርት የቤት ወለል መወልወያ ነበር፤ ውሃማ አክሪሊክ በመሆኑ ነጭ ስፒሪትን ይመክታል፣ ሲበላሽም አሞኒያ ባለበት የመስታወት ማጽጃ ይታጠባል። በባለሙያዎች ጓዳ የነገሠው ስሙ ሳይሆን ይህ ባሕርይው ነው።

ጥምረቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ሥራው የሚበላሽበት ቀዳሚ ምክንያት ጥድፊያ ነው። ቫርኒሽ ከላይ ወደ ታች ይደርቃል፤ ላዩ ቆዳ ሲያበጅ ከሥሩ ያለው አሟሚ ይታፈንና መውጫውን ቀስ ብሎ ይፈልጋል። በዚህ ጊዜ የሚፈስ ዋሽ ገና ያልጠነከረውን ቆዳ ሰብሮ ይገባል። አንድ ሙሉ ቀን ዝቅተኛው መጠበቂያ ሲሆን ሁለት ቀን የተሻለ ነው፤ ቅዝቃዜና እርጥበት በበዛበት ወቅት፣ ወይም ቫርኒሹ ወፍራም ከሆነ ከዚህም በላይ መታገሥ ይገባል። ከሰዓት ይልቅ አፍንጫ የተሻለ ዳኛ ነው፤ አምሳያው ወደ አፍንጫ ቀርቦ የቲነር ሽታ እስካለው ድረስ አሟሚው ገና አልወጣም። ጠንቃቃ ባለሙያ ከዚህም አልፎ በአንድ የፕላስቲክ ማንኪያ ጀርባ ላይ በአምሳያው ላይ የዋሉትን ንብርብሮች ሁሉ በዚያው ቅደም ተከተልና በዚያው ቀን ይቀባና ዋሹንም ጥረጋውንም ቀድሞ በማንኪያው ላይ ይሞክራል። የማንኪያ ዋጋ ከሦስት ሳምንት ልፋት ጋር አይወዳደርም።

ከለላውን ለማጠናከር ሲባል ቫርኒሽን ደጋግሞ መደረብ ሌላ ጉዳት ያመጣል። የቫርኒሹ ጠቅላላ ውፍረት 0.03 ሚሊሜትር ቢሆን በ1/72 ምጣኔ ከሁለት ሚሊሜትር በላይ የሚወፍር ሽፋን በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ እንደ መለጠፍ ይቆጠራል፤ ዋሹ ሊያርፍበት የሚገባው ጠባብ መስመርም በዚሁ ሽፋን ተሞልቶ ይደፈናል። በኤርብራሽ፣ ማለትም ቀለምን በአየር ግፊት በሚረጨው ትንሽ መሣሪያ፣ መጀመሪያ ጤዛ የመሰለ ስስ ርጭት፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ እርጥብ ሆኖ የሚዘረጋ አንድ ወይም ሁለት ንብርብር መርጨት ይበቃል። የመጀመሪያው ስስ ርጭት በተለይ ላከር ሲሆን ግዴታ ነው፤ ብርቱው አሟሚ በአንድ ጊዜ በብዛት ካረፈ ዲካሉን ያጨማድደዋል፣ ገና ያልጠና ኢናሜል ቀለም ከሥሩ ካለም እንደ ረጠበ ወረቀት ያሸበሽበዋል። የብሎን ጫፍና የሰላ ማዕዘን ቫርኒሽ ሸሽቷቸው ስስ ሆነው ስለሚቀሩ፣ በጥረጋ ጊዜ ታችኛው ቀለም መጀመሪያ የሚጋለጠው በእነዚህ ቦታዎች ነው።

የዋሹ አቀባብ ራሱ ብዙ ቦታ አይፈጅም። አንድ እጅ የዘይት ቀለም በዘጠኝ ወይም በአሥር እጅ ነጭ ስፒሪት ማቅጠን የተለመደ መነሻ ነው። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ የተያዘው ጠብታ የመጋጠሚያውን መስመር ወይም የብሎኑን ሥር ብቻ ሲነካ ፈሳሹ በካፒላሪ ኃይል የቀረውን መንገድ ራሱ ይሄዳል፤ ይህ ነጥብ በነጥብ የሚደረግ ዋሽ መላ አካሉን በፈሳሽ ከማጥለቅለቅ ይልቅ ለቫርኒሹም ለፕላስቲኩም ይራራል። በውሃ የቀጠነ አክሪሊክ ዋሽ ከአሟሚ ጥቃት አንጻር ከሁሉ የዋህ ቢሆንም በአንጸባራቂ ገጽ ላይ እንቢ ይላል፤ የውሃ የገጽ ውጥረት፣ ማለትም ራሱን ሰብስቦ እንክብል የመሆን ዝንባሌው፣ ከነጭ ስፒሪት ሦስት እጥፍ ገደማ ስለሆነ በመስመሩ ከመፍሰስ ይልቅ ጠብታ ሆኖ ይቀመጣል። አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይህን ዝንባሌ ይሰብራል፤ ሆኖም አክሪሊክ ዋሽ ከደረቀ በኋላ ለእርማት ጊዜ አይሰጥም፣ የዘይት ዋሽ ግን ከሰዓታት በኋላም ሊስተካከል ይችላል።

ዋሽ በደረቀበት ጠርዝ ላይ የሚታየው ጥቁር ቀለበት ደግሞ ለቡና ጠጪ ሁሉ የታወቀ ነው። በጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ የቡና ጠብታ ሲደርቅ መሐሉ ገርጥቶ ዳሩ ይጠቁራል፤ ጠርዙ ስስ በመሆኑ ቶሎ ይተናል፣ የተነነውን ለመተካት ከመሐል ወደ ዳር የሚፈሰው ፈሳሽም ብናኙን አብሮ ተሸክሞ እዚያው ያራግፈዋል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን አካሄድ እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አብራርተውታል። ለባለሙያው የሚበጀው ጠብታው ከመድረቁ በፊት ጠርዙን በነጭ ስፒሪት በጥቂቱ በረጠበ ብሩሽ ማለሳለስ ነው። የቀረው ትርፍ ከደቂቃዎች በኋላ በታንክ ላይ ከላይ ወደ ታች፣ ዝናብ በሚወርድበት አቅጣጫ፣ በአውሮፕላን ላይ ደግሞ ከአፍንጫው ወደ ጅራቱ፣ ነፋስ በሚሄድበት አቅጣጫ ይጠረጋል። ጥጡ ከረጠበ በኋላ በወረቀት ላይ መጨመቅ አለበት፤ አብዛኛው የቫርኒሽ ጉዳት የሚደርሰው ከዋሹ ሳይሆን ከዚህ ጥረጋ ነው፣ አሟሚና ፍትጊያ የሚተባበሩት በጥረጋው ጊዜ ነውና።

ከሁሉ ያነሰ ትኩረት የሚሰጠው አደጋ ግን ከቫርኒሹ በታች ያለው ነው። የአምሳያ ክፍሎች የሚሠሩበት ፖሊስቲሪን የተባለው ፕላስቲክ ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በግፊት ሲገባ ውጥረት ይዞ ይቀዘቅዛል፤ በኃይል ተገጥሞ የተያዘ ክፍል ሲሆን ደግሞ ውጥረቱ ይጨምራል። ነጭ ስፒሪት ፕላስቲኩን በቀጥታ አያሟሟውም፣ ነገር ግን ውጥረት ባለበት ቦታ ወደ ውስጡ ሰርጎ የሞለኪውሎቹን መያያዝ ስለሚያላላ ክፍሉ ያለ ምንም ምት በራሱ ጊዜ ይሰነጠቃል። ባንዳይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የሚያወጣቸውን የጋንዳም ሮቦት አምሳያዎች የሚሠሩ ሰዎች ይህን ጣጣ ከታንክ ሠሪዎች ይልቅ ያውቁታል፤ ዛሬ አብዛኞቹ እነዚህ አምሳያዎች ያለ ማጣበቂያ በመቆላለፍ የሚገጠሙ፣ ክንድና እግራቸውም የሚተጣጠፍ ስለሆነ በየመገጣጠሚያቸው ውጥረት አለ። ቫርኒሽ እዚህ ላይ ሊረዳ አይችልም፤ እሱ የሚሸፍነው የውጭውን ገጽ ሲሆን ዋሹ በካፒላሪ ኃይል በመጋጠሚያው በኩል ሰርጎ ያልተቀባውን የውስጥ ፕላስቲክ ከጀርባው ያገኘዋል። መፍትሔው ክፍሎቹን ከመግጠም በፊት ለየብቻቸው ዋሽ ቀብቶ ሙሉ በሙሉ ማድረቅ፣ ወይም በመታጠፊያዎች አካባቢ ውሃማ ዋሽ መጠቀም፣ በሁሉም ጊዜ ደግሞ ፈሳሹን ማሳነስ ነው። የታንክ ሰንሰለት፣ የጎማ ዘንግና ተገፍቶ የገባ ቀጭን ምሰሶም ይኸው ጥንቃቄ ይገባቸዋል።

የቀለም ምርጫን በተመለከተ ጥቁር ዋሽ የጀማሪ ምልክት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የተፈጥሮ ጥላ የገጹን ቀለም ይዞ የሚጠቁር በመሆኑ ለአሸዋማ ቢጫ ታንክ ጥቁር ቡና ዓይነት፣ ለነጭ ገጽ መካከለኛ ግራጫ፣ ለአረንጓዴ ገጽ አፈርማ ጥቁር ቡና ዓይነት ይስማማዋል። እያንዳንዱን የአውሮፕላን መጋጠሚያ እኩል የማጥቆር ልማድም ሊፈተሽ ይገባዋል፤ እውነተኛ አውሮፕላን ከጥቂት ሜትር ርቀት ሲታይ አብዛኛው መስመሩ አይለይም፣ የሚጠቁሩት በየጊዜው የሚከፈቱት የሞተር ክዳኖችና ዘይት የሚንጠባጠብባቸው ቦታዎች ናቸው። ሁሉም መስመር ሲጠቁር አውሮፕላኑ የመስኮት ፍርግርግ ይመስላል።

የባለሙያው የራሱ ደህንነትም የሥራው አካል ነው። የነጭ ስፒሪትና የላከር ቲነር ተን ራስን ስለሚያዞርና ለሳንባ ስለማይበጅ በተከፈተ መስኮት አጠገብ፣ በሚረጭበት ጊዜም የአሟሚ ተንን በሚያጣራ ጭምብል መሥራት ይገባል፤ ተራ የአቧራ መከላከያ ጨርቅ ተንን አያግድም። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ሙቀት አምጥቶ በራሱ ሊነድ ስለሚችል ተዘርግቶ መድረቅ ወይም በውሃ ተነክሮ በተከደነ ቆርቆሮ መቀመጥ አለበት።

ዋሹ ከደረቀ በኋላ የሚደረበው የመጨረሻው ደብዛዛ ቫርኒሽም በዚያው ሕግ ይገዛል። የዘይት ዋሽ ቢያንስ ለበርካታ ቀናት ሳይደርቅ ብርቱ ላከር ቢረጭበት ዋሹ ራሱ የታች ንብርብር ሆኖ ይሟሟል፣ በመስመሮቹም ዳር ብዥታ ይፈጥራል። ደብዛዛው ቫርኒሽ ሲደርቅ ብርሃንን ስለሚበትን በአንጸባራቂው ገጽ ላይ ጎልቶ የነበረው ዋሽ ፈዘዝ ብሎ ይታያል፤ ልምድ ያለው ባለሙያ ይህን አስቀድሞ ያውቃልና ዋሹን ከሚፈልገው ጥቂት አጥቁሮ ይተወዋል።